የግራ ደረት ኪስ

ነገሩ የጀመረው በአንድ እጅጌ ነው። ደንበኛው አዲሱን ኮቱን ለብሶ መስታወቱ ፊት ቆመና ክንዱን ማንሣት አቃተው። ልብስ ሰፊው ቀርበው ቢያዩ የቀኙ እጅጌ በግራ፣ የግራው በቀኝ ተሰፍቷል። አምሳ ዓመት መቀስ የያዙ፣ ሰውን ከበር እስኪገባ ድረስ በዓይናቸው ለክተው የሚጨርሱ፣ ስለዚህም አገር ምድሩ «አባ ልክ» የሚላቸው ሰው፣ ጀማሪ በመጀመሪያው ሳምንት የሚማረውን ነገር ሳቱ። ደንበኛው ጨዋ ነበርና ሳቀ፤ እርሳቸው ግን ሐሞታቸው ፈሰሰ።

ከዚያ በፊት በነበረው ወር መነጽራቸው ከስኳር ጣሳ ውስጥ ተገኝቷል። በዚያው ሰሞን ሻይ ጥደው ረስተውት ማንቆርቆሪያው እስኪቀላ ነድዷል። አንድ ልጃቸው መድኃኒት ቤት የምትሠራ፣ ነገርን ሁሉ በመጠንና በሰዓት የለመደች ሴት ናት። የእጅጌውን ወሬ ስትሰማ ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻለችምና እያባበለች ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው።

«አባት፣ ቀኝ እጅዎን ያንሡ» አለ ሐኪሙ። «አሁን በግራዎ ቀኝ ጆሮዎን ይያዙ።»

«ይህንንማ ለሕፃን ነው የሚያዙት» አሉ አባ ልክ ጆሯቸውን ይዘው።

ሐኪሙ ፈገግ አለና ወረቀቱ ላይ ጻፈ። «የትናንቱን መርሳት የዕድሜ ነው፤ አያስደነግጠኝም። የሚያሳስበኝ የጥንቱ ሲናድ ነው። ያደጉበትን ሰፈር ከልብዎ ይሣሉልኝ። ልጅዎ ደግሞ የዚያን ዘመን ፎቶግራፍ ትፈልግ። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንዱን ካንዱ እናስተያየዋለን።»

ነገሩ ቀላል ይመስላል። አባ ልክ ያደጉበት ሰፈር ግን ዛሬ የለም። በነበረበት ላይ ሰፊ አስፋልት ያልፍበታል፤ ከዚያ ሁሉ ድንጋይ አንዲት ጠጠር እንኳ ለምልክት አልቀረችም። ወላጆች አርፈዋል፣ ጎረቤት ተበትኗል። ያ ሰፈር ከዚህ ዓለም የቀረው ማረፊያ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የአንድ የሰባ ሦስት ዓመት ሰፊ ራስ ነው።

በማግስቱ አባ ልክ በመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ቡናማውን የንድፍ ወረቀት ዘርግተው፣ ጠመኔያቸውን አሹለው ሥራ ጀመሩ። ልጃቸው ለምሳ ዕረፍት መጥታ በአጠገባቸው በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

«ከመንገዱ ተነሥተሽ ቁልቁል ደረጃውን ስትወርጂ» አሉ እያሠመሩ፣ «ዐሥራ ዘጠኝ ደረጃ ነው፤ የቦኖው ውኃ በቀኝሽ ይውላል። ሴቶቹ ባልዲያቸውን ይደረድሩና ወረፋውን ለባልዲው አደራ ብለው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ባልዲ የሌላት ድንጋይ ታስቀምጣለች። ድንጋዩን ያነሣ ሰው ወዮለት! በግራሽ የቤቶቹ በር ነው። አንደኛው የአናጺው፤ ከደጁ የመጋዝ ዱቄት ሽታ አይጠፋም። ሁለተኛው የአዋላጇ። ሦስተኛው የእኛ። የፊተኛው ክፍል የአባቴ ስፌት ቤት ነበር፤ ከጓዳ ሆነን የመኪናውን መርገጫ ድምፅ ስንሰማ ዛሬ ደንበኛ አለ እንላለን። ዝም ካለ እናቴም ዝም ትላለች።»

«እናትህ ውኃ የምትቀዳው ራሷ ነበረች?»

«ቀድተን ቁልቁል ስንወርድ በቀኝ እጇ ባልዲውን፣ በግራ እጇ እኔን። ሁልጊዜ በቤቶቹ በኩል የምሄደው እኔ ነበርኩ። ውኃው እንዳያረጥብህ ትለኛለች።» ጠመኔው ቆመ። «ባልዲው ሲንጠባጠብ እኔ ጠብታውን እቆጥር ነበር።»

ልጅቱ ወደ ንድፉ ጎንበስ አለች። «ይህን ሁሉ ለምን ነግረኸኝ አታውቅም፣ አባዬ?»

«መቼ ጠየቅሽኝ? አንቺ የምትጠይቂኝ ክኒን ዋጥክ ወይ ብለሽ ነው።»

በዚህ መካከል የጎረቤቱ ጸጉር አስተካካይ ነጭ ሽርጣቸውን እንደታጠቁ ገቡ። እኒህ ሰው ከዚያው ከጠፋው ሰፈር የተረፉ ብቸኛ የልጅነት ጓደኛ ናቸው፤ ስማቸው ከሙያቸውም ከምላሳቸውም የወጣ ነውና «ምላጭ» ይባላሉ።

«ልኬ! ዛሬ ደግሞ ለመንገድ ሱሪ ትቆርጣለህ?»

«ሰፈራችንን ነው። ና ምስክር ሁን። ቦኖው በየት በኩል ነበር?»

«እኔን ነው የምትጠይቀኝ? እኔ ውኃ ቀድቼ አውቃለሁ? የሚቀዱት እኅቶቼ፣ የምጠጣው እኔ! ማን ማንን እንደ ደበደበ ጠይቀኝ፤ እሱን በቀኑና በሰዓቱ እነግርሃለሁ። ቀኝና ግራውን ግን ለትራፊክ ፖሊስ ትቼዋለሁ።»

እንዲህም ቢሉ ሳይጠቅሙ አልቀሩም። የሰፈሩ ፎቶ አንሺ ገና ድሮ ቢሞቱም፣ ሴት ልጃቸው ከገበያው ጀርባ ፎቶ ቤት ከፍታ እንደምትሠራ የነገሯቸው ምላጭ ናቸው። የአባ ልክ ልጅ ሄዳ ለመነቻት። ሴትዮዋም ከእናቷ የወረሰችውን የብስኩት ቆርቆሮ ከፍታ፣ የድሮ ነጋቲቮችን ስታገላብጥ የዚያን ሰፈር ሦስት አገኘችና አጠበቻቸው።

ልጅቱ ፖስታውን ይዛ እሑድ ከሰዓት በኋላ ስትመጣ ፊቷ እንደ በዓል ያበራ ነበር። ቡናማውን ወረቀት ዘርግታ ፎቶዎቹን በላዩ ላይ አንድ ባንድ ደረደረች። አንደኛው ደረጃው ከላይ ቁልቁል ሲታይ፣ ሁለተኛው ቦኖውና የባልዲው ሰልፍ፣ ሦስተኛው የአባ ልክ አባት ኮታቸውን ለብሰው በስፌት ቤታቸው ደጅ ቆመው የተነሡት ነው።

አባ ልክ መጀመሪያ ያነሡት ሦስተኛውን ነው። አባታቸውን ከቀበሩ አርባ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ በሕይወት ሳሉ የተነሡት ፎቶ ግን በቤታቸው አንድ እንኳ አልነበረም። አንገታቸውን፣ ጢማቸውን፣ ያንን የተቆጣ የሚመስል ግን የማይቆጣ ቅንድባቸውን አዩ። ዓይናቸው እንባ ሞላና ፎቶውን በግንባሩ ደፍተው አስቀመጡት።

ከዚያ የደረጃውን አነሡ። አዩት። አራቁት፣ አቀረቡት፣ ደግመው አዩት። ቦኖው በግራ ነው። የቤቶቹ በር ሁሉ በቀኝ ነው።

ልጅቱም አየች። ዓይኗ ከፎቶው ወደ ንድፉ፣ ከንድፉ ወደ ፎቶው ተመላለሰ፤ ፊቷ ላይ የነበረውም ብርሃን ቀስ እያለ ጠፋ።

«ምናልባት» አለች በቀጭን ድምፅ፣ «ከታች ወደ ላይ የሚወጣውን እያሰብክ ይሆናል።»

«ልጄ፣ ይህ ፎቶ ይወርዳል እንጂ አይወጣም። እኔም የሣልኩት የሚወርደውን ነው።»

«ታዲያ ምን ይሁን፣ አንድ ነገር ብትሳሳት …»

«አንድ ነገር አይደለም። ሁሉም ነገር ነው።»

ልጅቱን ያስፈራት መሳሳታቸው ሳይሆን አለመከራከራቸው ነው። አባቷ በክር ውፍረት እንኳ ከነጋዴ ጋር ግማሽ ቀን የሚሟገቱ ሰው ናቸው። ያን ዕለት ግን ጠመኔያቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩትና፣ «ሱቁን እለቃለሁ። እንዳልሺው አንቺ ዘንድ እመጣለሁ» አሉ። ይህን ቃል እንዲሰጧት ሁለት ወር ሙሉ ለምናቸው ነበር። ሲሰጧት ግን ጠመኔውን አንሥታ ኪሳቸው ውስጥ መልሳ ከተተችው።

የሚቀጥሉት ቀናት ከበዱ። አባ ልክ ዘወትር ማለዳ ቆመው ጸሎት የሚያደርሱ ሰው ናቸው፤ በእነዚያ ጠዋቶች ግን ከተለመደው ጸሎት በኋላ ሌላ ልመና ይከተል ነበር። ጌታ ሆይ፣ ጉልበቴን ወስደሃል፤ ዓይኔንም ብትወስድ የአንተ ነው። ያን ደረጃ ግን ምነው ባትወስድብኝ? የሚያሸብራቸው የደረጃው ነገር ብቻ አልነበረም። ቦኖው በቀኝ ካልነበረ ባልዲው በእናታቸው ቀኝ እጅ አልነበረም። ባልዲው በቀኝ ካልነበረ ያ የቆጠሩት ጠብታ፣ ያ የያዙት እጅ፣ «እንዳያረጥብህ» ያለው ድምፅ ከየት መጣ? አንዱ ክር ሲመዘዝ ልብሱ ሁሉ እንደሚተረተር ከሰፊ በላይ የሚያውቅ የለም።

ሐሙስ ዕለት ዕቃ ማሰር ተጀመረ። ምላጭ ሱቃቸውን ዘግተው ሊያግዙ መጥተው ነበር፤ እገዛቸው ግን ከእጃቸው ይልቅ በአፋቸው ይበዛል።

«ይህን ሁሉ ቁራጭ ጨርቅ ምን ልትሠራበት አስቀመጥክ? ዝሆን ቢቀደድ ትጥፈዋለህ!»

አባ ልክ ሥራቸውን ቀጠሉ። መቀሶቹን በየልካቸው ጠቀለሉ፣ የካውያውን ገመድ ጠመጠሙ፣ ቀጥሎም ፎቶዎቹን በቀጭን ገበር ጨርቅ ሊጠቀልሉ አነሡ። የአባታቸውን ፎቶ ጨርቁ ላይ ሲያጋድሙት እጃቸው እንደ ልማዱ የኮቱን ጫፍ ተከትሎ ሄደ። ባለፈው እሑድ ፎቶውን ያዩት እንደ ልጅ ነበር፤ አሁን ሳያስቡት እንደ ሰፊ አዩት። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል፤ የሰፊ ልብ ደግሞ አስቀድሞ የሚያየው ስፌቱን ነው።

ጣታቸው ቆመ።

«ምላጭ። ና እስቲ ወዲህ።»

«ምን ሆንክ?»

«ይህ ኮት የወንድ ነው የሴት?»

ምላጭ ጓደኛቸውን በሐዘን አዩዋቸው። «ልኬ … የአባትህ ኮት ነው እኮ። ወንድማለም፣ ቁጭ በል ትንሽ።»

«የማን ነው አላልኩህም። የደረት ኪሱ በየትኛው በኩል ነው?»

ምላጭ ፎቶውን ተቀበሉና እንደ ሰውዬው ለመቆም ዞረው፣ መዳፋቸውን አንድ ጊዜ በአንዱ ደረታቸው፣ አንድ ጊዜ በሌላው አሳረፉ። «ቆይ … እሳቸው ወደ እኔ ከዞሩ … በቀኝ ነው። በቀኝ ደረታቸው።»

«የወንድ ኮት ኪስ በግራ ደረት ነው። የሚደረበውም የግራው ክንፍ በቀኙ ላይ ነው። ይህኛው የቀኙ በግራው ላይ ተደርቧል። እንዲህ የሚቆለፈው የሴት ኮት ነው። አባቴ ይህን ኮት ለራሱ ሲሰፋ ሦስት ሳምንት ፈጅቶበታል። ለራሱ የሴት ኮት ሰፋ ትለኛለህ?»

«እሳቸው? አንድ ደንበኛ ኪሱን በቀኝ ያድርጉልኝ ቢላቸው ሱሪውን እንኳ ሳያስለብሱ ከደጅ ያባርሩት ነበር!»

አባ ልክ ግን አልተደሰቱም፤ ፈሩ እንጂ። አሁንስ ቀኝና ግራ የሚያምታታቸው ይኸው የታመመ ራሳቸው ቢሆንስ? እንዲህ ሲሉ ገና ካልወረደው ትልቁ መስታወት ፊት ደረሱ። የገዛ ኮታቸውን ከመስቀያው አንሥተው ለበሱ፣ ቆለፉት፣ የአባታቸውን ፎቶ ከደረታቸው አጠገብ ያዙና መስታወቱን አዩ።

በመስታወቱ ውስጥ የቆመው ሽማግሌ ኪሱ በቀኝ ደረቱ ነበር። ኮቱ እንደ ሴት ኮት ተቆልፏል። በእጃቸው ካለው ፎቶ ጋር አንድ ነው።

«ምላጭ» አሉ ፎቶውን ወደ መስታወቱ እየዘረጉ። «አባቴ መስታወት ውስጥ ነው ያለው። ፎቶው ተገልብጧል!»

ወደ ፎቶ ቤቱ የሄዱት ሽርጥና ሜትር እንዳንጠለጠሉ ነው። ምላጭ በመንገድ ላይ ላገኙት ሁሉ ነገሩን እያስረዱ ያቆሟቸው ነበርና፣ አባ ልክ በመጨረሻ በክንዳቸው ይዘው ጎተቷቸው። ለልጃቸውም ስልክ ደውለው፣ «ቶሎ ነይ፤ አልታመምኩም» ብቻ ብለው ዘጉት።

የፎቶ ቤቷ ባለቤት መጀመሪያ ፊቷን አጠቆረች። «ጋሼ፣ እኔ በዚህ ሥራ ሃያ ዓመት ሆኖኛል። ነጋቲቭ የሚገለበጠው በጀማሪ ነው። አሁን አሳይዎታለሁ።» ቆርቆሮውን አምጥታ ከፈተችውና አንዱን ፊልም በጫፉ ይዛ አነሣችው። «ጥጉ ላይ በመቀስ የተቆረጠችው ይህቺ ቁራጭ ትታይዎታለች? የጥንት ፎቶ አንሺዎች በጨለማ ክፍል በእጃቸው ዳስሰው ፊቱን ከጀርባው የሚለዩበት ምልክት ናት። ቁራጯ ከላይ በቀኝ ስትሆን ትክክለኛው ፊት ወደ እርስዎ ነው። እኔን ያስተማሩኝ ጌታዬ እንዲህ ነው ያስተማሩኝ።»

«አባትሽ አይደሉም ያስተማሩሽ?» አሉ አባ ልክ።

«አባቴ ሲሞት የአምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ።»

ምላጭ እስከዚያ ድረስ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን የሙሽራ ፎቶዎች ጸጉር ሲተቹ ቆይተው ነበር። በዚህ ጊዜ ዘወር አሉ።

«አንቺ ልጅ፣ አባትሽ ግራኝ እንደ ነበሩ ታውቂያለሽ?»

«እንዴት አወቁ?»

«ከመስኮታቸው ሥር ኳስ ስንጫወት ድንጋይ የሚወረውሩብን በግራቸው ነበር። አንድ ቀን እንኳ ስተውኝ አያውቁም። ይኸው፣» አሉ የጆሯቸውን ጀርባ እየገለጡ፣ «ምስክሩ እዚህ አለ።»

ሴትዮዋ ሳቀች። ወዲያው ደግሞ ሳቋ ተገታ። «እናቴም ማንኪያ በግራው ነበር የሚይዘው ትል ነበር» አለች ዝግ ብላ። ፊልሙን በቀኝ እጇ፣ መቀስ በግራዋ ያዘችና በአየር ላይ ጥጉን የምትቆርጥ መሰለች። «ግራኝ ከሆነ … የሚቆርጠው የግራውን ጥግ ነው፤ ቁራጯ በቀኝ የምትታየው ፊልሙ ሲገለበጥ ነው።»

ፊልሙን ወደ መስኮቱ ወስዳ በብርሃኑ አጋደለችው። ነጋቲቭ ሁለት ፊት አለው፤ አንዱ እንደ ውኃ ያብለጨልጫል፣ ሁለተኛው ፈዛዛ ነው፣ ምስሉም የተቀመጠው በፈዛዛው ላይ ነው። ሴትዮዋ በቁራጯ ተማምና ይህን ሳታይ አልፋው ነበር።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ሦስቱንም ያጠብኳቸው በጀርባቸው ነው።»

በመብራት የሚበራውን ነጭ መስታወት አበራችና ፊልሙን ገልብጣ አስተኛችው። አባ ልክ ጎንበስ አሉ። በነጋቲቭ ሰማዩ ጥቁር፣ ጥላው ነጭ ነው፤ እርሳቸው ግን እንዲህ ጥርት ብሎ የታያቸው ነገር በዕድሜያቸው አልነበረም። ደረጃው ቁልቁል ይወርዳል። በግራ በሮች፤ የአናጺው፣ የአዋላጇ፣ ሦስተኛው የእነርሱ። በቀኝ ቦኖው፣ ባልዲዎቹ፣ ወረፋ የምትጠብቀው ድንጋይ ሳትቀር።

ወንበር ሳይፈልጉ ያገኙት ሣጥን ላይ ተቀመጡ። አንጀታቸው ቅቤ ጠጣ። 

«ተመስገን» አሉ። «ተመስገን። እናቴ ነበረች።»

ልጅቱ ከነነጭ ጋዋኗ እየሮጠች የገባች በዚህ ጊዜ ነው። ምላጭና ሴትዮዋ እኩል ጀምረው አስረዷት፤ ከሁለቱ አንዱም ባይሰማትም ፊልሙን ስታይ ገባት። አባቷ እግር ሥር ተንበርክካ እጃቸውን ያዘች።

«አባዬ፣ ከፎቶው በፊት አንተን ማመን ነበረብኝ።»

«እኔ ራሴ ፎቶውን አምኜ ራሴን ክጄ የለ? ተነሺ፣ ጋዋንሽ ይቆሽሻል።»

ሴትዮዋ ሦስቱንም በትክክለኛው ፊታቸው አጥባ እስክትጨርስ ቆዩ። ከዚያ ወደ ስፌት ቤቱ ተመልሰው፣ ታስሮ የነበረውን የንድፍ ወረቀት ፈትተው ዘረጉት፤ ፎቶውንም አጠገቡ አኖሩት። በር ለበር፣ ግድግዳ ለግድግዳ ገጠመ። ልጅቱ ጣቷን በደረጃው ላይ እያስኬደች ቆጠረች፤ ከዚያ ደግማ ቆጠረች፤ ቀጥሎም አንገቷን ቀና አድርጋ አባቷን አየች።

«ምን አገኘሽ?» አሉ አባ ልክ።

«ዐሥራ ሰባት ነው … አንተ ዐሥራ ዘጠኝ ብለሃል።»

 ምላጭ ራሳቸው ወደ ፎቶው ጎንበስ ብለው መቁጠር ጀመሩ። አባ ልክ ግን መነጽራቸውን አውልቀው፣ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ሳቁ።

«ስቻለሁ! እጅጌውንም ስቻለሁ፤ መነጽሩንም ስኳር ውስጥ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ያን ደረጃ የቆጠሩት የአምስት ዓመት እግሮች ናቸው፤ ለአጭር እግር ደረጃ ይበዛበታል። ሁለት ደረጃ ለሐኪሙ ይሁንለት፤ ደረጃው ግን የእኔ ነው።»

ሐኪሙ በቀጠሮው ቀን ንድፉንና ፎቶውን አስተያይቶ፣ የነገሩንም ታሪክ ሰምቶ፣ ስድስት ወር ቆይተው ይምጡ ብሎ አሰናበታቸው። ልጅቱም ሱቁ ይዘጋ ያለችውን ተወች፤ በሳምንት ሦስት ቀን እንዲከፈት፣ ምሳም እርሷ ዘንድ እንዲበሉ ተስማሙ። ከመድኃኒት ቤት የምታመጣቸውን ትንንሽ ተለጣፊ ወረቀቶች በየእጅጌው ላይ፣ አንዱን «ቀኝ»፣ አንዱን «ግራ» እያለች በሚነበብ ጽሕፈት ጽፋ ትለጥፋለች። አባ ልክ መጀመሪያ አጉረመረሙ፤ ኋላ ግን «በቀን ስንት ጊዜ እንደሚዋጥም ጻፊበት» እያሉ ያቀብሏት ጀመር።

ትክክለኛው የአባታቸው ፎቶ ዛሬ በአልጋቸው ራስጌ አለ። የተገለበጠውንም አልጣሉትም፤ በሱቁ ውስጥ ከመስታወቱ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ሰቅለውታል።

«የተሳሳተውን ምን ብለህ ሰቀልከው?» አሏቸው ምላጭ አንድ ቀን።

«ወደ እሱ አትይ። መስታወቱን እይ።»

ምላጭ መስታወቱን አዩ። ከጀርባቸው አንድ ሰው በደጁ ቆሟል። ጢሙ ጎፍሯል፣ ቅንድቡ የተቆጣ ይመስላል፤ የኮቱ ኪስ በግራ ደረቱ፣ ልክ በቦታው ነው።

ምላጭ ብዙ ጊዜ ቆመው አዩትና፣ «ኮቱስ ኮት ነው» አሉ በመጨረሻ። «ያንን ጢም ግን አንድ ጊዜ እኔ እጅ ቢገባ ኖሮ!»